የፈረሰው ቤት እንጨትና የእኛ ኀፍረት



የዚህ ወር ጽሑፌ ስለ እንጨት ነው። አንዳንዶቻችሁ ርዕሱን ስታዩ «መጽሔቱ የአናጢዎች ሆነ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ግድ የለም፤ ታገሡኝ። ስለ እንጨት ስናነሣ ስለ ልጆቻችን ኒካህ፣ ስለ ዕዳና ስለ ወለድ፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት እየለፉ ብር ስለሚልኩልን ሴት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ስለ መስጊዶቻችን ንብረት ማንሣታችን እንደማይቀር ታያላችሁ።

ሐሳቤን ከመነሻው ላስቀምጠው። ከአያቶቻችን የወረስነውን ቁም ሳጥንና ከፈረሰ ቤት የወጣውን ደህና ሳንቃ እንደ ውርደት ቆጥረን ለቆራሌው በማይረባ ዋጋ እንሰጣለን። በምትኩ ከእንጨት ፍርፋሪና ከማጣበቂያ የተጋገረ ዕቃ በብድር ገዝተን ሳሎናችንን እንሞላለን። ይህ ሥራችን ኢስራፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሪያእ አለበት፤ ለእንግዳ ዓይን ተብሎ የሚደረግ ነውና። ይህን የምለው ለድሃው ብቻ አይመስላችሁ። ድሃው ቢያንስ ሲቸግረው ወንበሩን ያስጠግናል። ነገሬ ይበልጥ የሚያነጣጥረው ያለው ሰው ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እሱን አይቶ ይከተላልና።

«አሮጌ እንጨት» ስል የትኛውን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። የአዲስ አበባ ሰዎች ከሆናችሁ ከ2016 ዓ.ል ወዲህ በፒያሳና በሌሎች ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት የፈረሱትን ቤቶች አይታችኋል። መፍረስ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። እኔ የማነሣው ከፍርስራሹ የወጣውን እንጨት ነው። ከጭቃው ቤት ግድግዳ የወጣው ቀጫጭን ባሕር ዛፍ ከማገዶ አያልፍም፤ እሱን እንተወው። ከቆዩት ቤቶች ግን የወለል ሳንቃ፣ የጣሪያ ወራጅ፣ የበርና የመስኮት መቃን ሆኖ ብዙ ዓመት ያገለገለ ጽድ፣ ዝግባና ዋንዛ ይወጣል። ጽድን መላጊያ አሳርፉበትና አሽትቱት፤ ስንት ዓመት ኖሮ ሽታው ገና አልጠፋም። ገበሬው ለአጥር ቋሚ ጽድን ሲመርጥ የኖረው ምስጥ በቀላሉ ስለማይደፍረው ነው። ዋንዛ ደግሞ ለመላጊያና ለመሮ የሚታዘዝ፣ ቀለሙም ያማረ እንጨት ነው፤ የጅማ ጠራቢዎች በርጩማና ወንበር ሲፈለፍሉበት የኖሩት በከንቱ አይደለም።

ይህን እንጨት ዛሬ ከገበያ አዲስ ልግዛ ብትሉ እንደ ልብ አታገኙትም። በ1986 ዓ.ል የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን በስማቸው ጠቅሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። እያለቁ መሆኑ ስለታየ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ አሮጌ ጽድ የሚታየው በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመቃብር ሥፍራም ነው፤ ሰው እዚያ መጥረቢያ ማንሣት ፈርቶ ስለተወው። እንግዲህ አንድ የዝግባ ሳንቃ በማገዶ ዋጋ ሲሸጥ ሻጩ ምን እንደ ሸጠ አያውቅም ማለት ነው። ያንን ሳንቃ የሚተካ ዛፍ ዛሬ ቢተከል፣ የሚደርሰው ለተካዩ ሳይሆን ለልጅ ልጁ ነው።

እስቲ አሁን በምትኩ የምንገዛውን እንመርምር። ችፑድ የምንለው የእንጨት ፍቅፋቂና ፍርፋሪ፣ ኤምዲኤፍ የሚባለው ደግሞ የላመ የእንጨት ጭረት በማጣበቂያ ተለውሶ በሙቀትና በከባድ ጫና የተጠፈጠፈ ሰሌዳ ነው። ላዩን ፎርማይካ ወይም እንጨት የሚያስመስል ወረቀት ይለብሳል። ለአንዳንድ ነገር ይጠቅማል፤ አልክድም። ነገር ግን ውሃ ጠላቱ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚደረግበት፣ ወለሉ የሚታጠብ፣ ልጅ ውሃ የሚደፋበት ቤት ነው። የችፑድ ቁም ሳጥን እግሩ አንዴ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ያበጠው ተመልሶ አይሟሽሽም። ብሎኑ አንዴ ከላላ ደግሞ ቀዳዳው ተፈርፍሮ ሌላ ብሎን አይይዝም። ተከራይ የሆናችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቤት ስትለቁ ተፈትቶ የተገጠመው ቁም ሳጥን ሁለተኛውን ቤት ስትለቁ በገመድ ታስሮ ነው የሚሄደው።

ሌላም አለ። ማጣበቂያው በአብዛኛው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ነገር ያለበት ነው። ከአዲስ ዕቃ ቀስ እያለ እየወጣ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ይቀላቀላል። አዲስ የችፑድ ቁም ሳጥን ከፍታችሁ ዓይናችሁን የቆጠቆጣችሁ ካለ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። ጥሩ ፋብሪካዎች መጠኑን ይቀንሳሉ ይባላል፤ እውነት ነው፤ ይቀንሳሉ። ግን እኛ ከየሱቁ በርካሽ የምንገዛውን ማን ለክቶልናል? ሦስትና አራት ልጅ መስኮቱ በተዘጋ አንድ ክፍል አስተኝተን አልጋቸውንም ቁም ሳጥናቸውንም ከዚሁ ሰሌዳ ስንሠራው «አዲስ ነው» ብለን ደስ ይለናል።

አሮጌው እንጨት በበኩሉ መጣመም የሚችለውን ተጣሞ፣ መሰንጠቅ የሚችለውንም ተሰንጥቆ ያበቃ ነው። አናጢ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ የሠራላችሁ በር በዓመቱ አልዘጋ ያለው እንጨቱ ከተሠራ በኋላ በመድረቁ ነው። ስንት ክረምትና በጋ ጣሪያ ሥር ያሳለፈ ወራጅ ግን ከእንግዲህ ወዴት ይጣመማል?

«ይሁን፤ ጠንካራ ነው፤ ግን አሮጌ ነገር ለተከበረ ቤት አይሆንም» የሚሉ አሉ። ይህ ነው እንግዲህ የነገሩ ሥር። ለእነዚህ ወገኖች አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በምድር ላይ ከከዕባ የበለጠ የተከበረ ቤት አለን?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የ35 ዓመት ሰው ሳሉ፣ ወሕይ ከመውረዱ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ቁረይሾች ከዕባን እንደገና ለመሥራት ተነሡ። ቤቱ በዚያን ጊዜ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረበት፣ ጣሪያ የሌለው ነበር። ከፍ ሊያደርጉትና ጣሪያ ሊያለብሱት ፈለጉ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩልን በዚያው ወቅት የአንድ ሮማዊ ነጋዴ መርከብ በጂዳ ዳርቻ ተሰባብራ ነበር። ቁረይሾች የዚያችን መርከብ እንጨት ወሰዱና ለከዕባ ጣሪያ አዘጋጁት፤ በመካ ይኖር የነበረ አንድ ቅብጥ አናጢም በሥራው አገዛቸው። ልብ በሉ! የተሰበረች መርከብ እንጨት ነው። ሚስማር የነበረበት፣ የባሕር ጨው የጠጣ፣ ሌላ ሥራ ሠርቶ የጨረሰ እንጨት ነው። በዚያው ግንባታ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዎቹ ጋር ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ጥቁሩን ድንጋይ ማን ያስቀምጥ በሚል ጎሣዎቹ ሊተላለቁ ሲሉም በመጎናጸፊያ አስይዘው ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። ታሪኩን በመድረሳ ያልሰማ ልጅ የለም። ስለ መጎናጸፊያው ሁላችንም እንተርካለን፤ ስለ ጣሪያው እንጨት ግን ስንቶቻችን ቆም ብለን አስበናል?

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ከእንጨቱም ይልቅ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ቁረይሾች ጣዖት አምላኪዎች ሳሉ እንኳ ለዚያ ቤት ንጹሕ ገንዘብ ብቻ እንዲገባ ተስማምተው ነበር፤ የወለድ ገንዘብ፣ የዝሙት ዋጋ፣ በግፍ የተወሰደ ሀብት እንዳይቀላቀል። ንጹሑ ገንዘብ ግን አልበቃ አለ። ታዲያ ምን አደረጉ? በወለድ አልሞሉትም፤ ቤቱን አሳጠሩት። ዛሬ ሒጅር የምንለው፣ ሑጃጆች ከውጪ በኩል የሚዞሩት ግማሽ ክብ ሥፍራ፣ ገንዘብ አንሶ ከግድግዳው ውጪ የቀረው ነው። ለአላህ ቤት ገንዘብ ቢያንሳቸው ግድግዳውን አስጠጉት። እኛ ለሶፋ ገንዘብ ሲያንሰን ምን እናደርጋለን?

ይህን ይዘን ወደ ኒካሐችን እንምጣ። ሽማግሌ ይላካል፤ መህሩ ባንድ ቁጭታ ያልቃል። አልሐምዱሊላህ። የዕቃው ዝርዝር ግን መንፈቅ ይፈጃል። አልጋ ከነኮመዲኖው፣ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን፣ ቡፌ፣ ሙሉ ሶፋ፣ የምግብ ጠረጴዛ ከስድስት ወንበር ጋር፣ ከዚያም ወለል ላይ የሚዘረጋው የዐረብ መጅሊስ። ስድስት ወንበር ለሁለት ሰው! ሁሉም «አዲስ» መሆን አለበት፤ ያውም የእህቷ ባል ካስገባው እንዳያንስ። ልጁ ዕቁብ ይገባል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ አልሞላ ሲለው ወለድ ወዳለበት ብድር ይሄዳል። ኒካሑ በአልጋና በቁም ሳጥን ምክንያት ሁለት ጊዜ የተራዘመበት ወጣት አውቃለሁ። እነዚያ የተራዘሙ ወራት ለወጣት ወንድና ሴት ምን ዓይነት ፈተና እንደሆኑ ለወላጆች መንገር አያሻኝም።

እናቶቼ ሆይ፤ «የልጄ ክብር ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ነገራችሁም ከባዶ የመጣ አይደለም። ልጅቱ ባዶ ቤት ገብታ እንዳትዋረድ፣ ነገ ባሏ ቢከፋባት እጇ ላይ አንድ ነገር እንዲኖር ትሠጋላችሁ። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ግን ለዚያ ሥጋት ሸሪዓችን መህርን ሰጥቷታል። ለሶፋው የሚወጣውን ገንዘብ በመህሯ ላይ ጨምራችሁ በወርቅ ብታስጽፉላት፣ ያ የራሷ ነው፤ በሦስተኛው ዓመትም ዋጋ አለው። ሶፋ ግን በሦስተኛው ዓመት ለማን ዋስትና ሆኖ ያውቃል? ስፖንጁ ሟሽሾ፣ የችፑዱ ጎን ተገንጥሎ፣ ቆራሌው ራሱ «ይሄን አልወስድም» የሚለው ዕቃ ነው።

በዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችንን ነገር ስጽፍ እጄ ይከብዳል። በጂዳና በሪያድ፣ በቤይሩትና በዱባይ፣ በሰው ቤት ወለል እየወለወሉ፣ የሰው ልጅ እያሳደጉ የሚልኩት ብር ስንት እንቅልፍ የተነፈገበት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያ ብር መጥቶ መጀመሪያ የሚሆነው ምንድን ነው? ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ሶፋና ቡፌ ነው። ልጅቱ ስትመለስ በስሟ መሬት የለም፤ ሱቅ የለም፤ ቡፌው ግን አለ፤ ውስጡም በብርጭቆ ተሞልቷል። አባቶች ሆይ፤ ይህ አማና ነው።

እዚህ ላይ ለሚነሡት ተቃውሞዎች ልመለስ።

«አሮጌ እንጨት ትኋን ያመጣል።» አዎ፤ ሳያዩ የገዙት ያመጣል። ትኋን የሚኖረው በስንጥቅና በመጋጠሚያ ውስጥ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ ሳንቃ ግን ቤት ከመግባቱ በፊት ሚስማሩ ይነቀላል፤ ስንጥቁ ሁሉ በሚንተከተክ ውሃ ይታጠባል፤ በፀሐይ ይሰነብታል፤ ከዚያም በመላጊያ ሲላግ ያ ሁሉ ላይኛው ቆዳው ይነሣል። ከሥሩ የሚወጣው እንጨት ትናንት የተሰነጠቀ ይመስላል። አሮጌ አልጋን እንዳለ ገዝቶ ማስገባትና አሮጌን እንጨት አልጋ አድርጎ ማሠራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ውራጅ የድሃ ነው።» ይህ መልስ የሚገባው አይመስለኝም፤ ግን አንድ ነገር ልበል። በመድረሳዎቻችን ልጆች ቁርኣን የሚጽፉበት ሎህ አለ። አንዱ ልጅ ጽፎ ሐፍዞ ያጥበዋል፤ እንደገና ይጽፍበታል፤ ሲጨርስ ለታናሹ ይተላለፋል። ጠርዙ በስንት ልጅ እጅ ተልጎ ለስላሳ ሆኗል። «አሮጌ ሎህ ነው፣ ለልጄ አይሆንም» ያለ ወላጅ ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም የታላላቅ ሸኾች እጅ የነካው ነው እያልን እንኮራበታለን። ለሎሁ ያልታፈረ ለጠረጴዛው ለምን ይታፈራል?

«ርካሽ አይደለም» የሚሉት ግን እውነት አላቸው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እንጨቱ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ይበዛል። አናጢው ሚስማር ሲነቅል ይውላል። እንጨት ውስጥ ተሰብሮ የቀረ አንድ ሚስማር የመጋዙን ጥርስ ወይም የማሽኑን መላጊያ ይበላዋል። ሳንቃዎቹ ውፍረታቸው ስለሚለያይ አንድ በአንድ ማመሳሰል አለበት። ስለዚህ «እንጨቱን እኔ አመጣሁልህ» ብላችሁ በአናጢው ላብ አትከራከሩ። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ፤ ሙያው የሚናቅ አይደለም። ለችፑዱ ሱቅ የተለጠፈውን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው፣ ለሰፈሩ አናጢ ሲሆን ሳንቲም ሲቆጥር ማየት ያሳዝናል። አስተውሉ፤ የችፑዱን ገንዘብ አብዛኛውን የሚወስዱት ሩቅ አገር ያለው ፋብሪካና አስመጪው ናቸው፤ የአናጢው ግን በሰፈራችሁ ዳቦ ቤት ይቀራል፤ ልጁም ከልጃችሁ ጋር እዚያው መድረሳ ይቀራል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚከተሉትን ልብ ይበል። እንጨቱን በሰንጢ ጫፍ ወጋ አድርጉት፤ ሰንጢው ያለ ችግር ከገባ በስብሷል። ጥቃቅን ቀዳዳ ካለበትና ሲንኳኳ እንደ ዱቄት ያለ ነገር የሚረግፍ ከሆነ ነቀዙ ገና በሥራ ላይ ነውና ተዉት። የስልክና የመብራት ምሰሶ የነበረ፣ ጥቁርና እንደ ሬንጅ የሚሸት እንጨት ለቤት ዕቃ አይሆንም፤ እንዳይበሰብስ መርዝ ጠጥቷልና። ማገዶም አታድርጉት። አሮጌ የዘይት ቀለም ያለበትን ሳንቃ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙ ለልጆች አደገኛ ነው። እርጥብ አድርጎ፣ ከቤት ውጪ፣ ልጆች በሌሉበት ነው የሚነሣው።

ከውጭ አገር ዕቃ ተጭኖበት የሚመጣው የእንጨት ርብራብም ጥሩ ነው፤ ለመጅሊስ መሠረት፣ ለመደርደሪያ፣ ለልጆች አልጋ ይሆናል። ጎኑ ላይ የስንዴ ዛላ የሚመስል ምልክት የታተመበትን ፈልጉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ምልክት ነው። ከምልክቱ አጠገብ «ኤች» እና «ቲ» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ካሉ ተባዩ የተገደለው በሙቀት ነው፤ ውሰዱት። «ኤም» እና «ቢ» ከሆኑ ግን በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ለቤት ተዉት። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም እንዲሁ።

አናጢዎችንና ነጋዴዎችን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። የነቀዝ ቀዳዳን በስቱኮ ደፍኖ፣ ላዩን በጥቁር ቫርኒሽ አሳምሮ «ንጹሕ ዋንዛ ነው» የሚል አለ። ባሕር ዛፉን ቀለም ቀብቶ በዝግባ ስም የሚሸጥ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥብ ያገኙበትን፣ ለሻጩም ያሉትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስቱኮውና ቫርኒሹ የዘመናችን ደረቅ እህል ናቸው፤ እርጥቡ ከሥር ነው። እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ክፍሉ እንደተጠገነ ለገዢው ተናገሩ። አሮጌ እንጨት ስም ያጣው ባብዛኛው በእናንተ ምክንያት ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ፈሊጥ መጥቷል። አሮጌ እንጨት ሀብታም ዘንድ ጌጥ ሆኗል። አዲሱን እንጨት በሰንሰለት እየደበደቡ፣ በእሳት እየለበለቡ አሮጌ አስመስለው በእጥፍ ዋጋ መሸጥ! ይህም ያው ሪያእ ነው፤ ልብሱን ብቻ ቀየረ። አሮጌ እንጨት ልግዛ ያለ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የማን ነበር?» ባለቤቱ ወይም መንግሥት በሕግ ከሸጠው ይሁን። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሌሊት ከተነቀለ መስኮት፣ ባለቤቱ ዓይኑ እያየ ከተዘረፈ ሳንቃ የተሠራ ጠረጴዛ ግን ምንም ያህል ቢያምር ገበታችሁ አይሁን።

የቀረኝ የመስጊዶቻችን ነገር ነው፤ ይህን ለኮሚቴዎች ነው የምጽፈው።

በየከተማው አሮጌ መስጊዶች እየፈረሱ በብሎኬትና በብረት ይሠራሉ። መስፋታቸው ደስ ያሰኛል። ግን የአሮጌው መስጊድ እንጨት የት ይሄዳል? ያ ወራጅ፣ ያ ምሰሶ፣ ያ በር የወቅፍ ንብረት ነው። አንዱ አባት ከበሬው ዋጋ ቀንሶ፣ ሌላው ከጫካ በትከሻው ተሸክሞ ለአላህ ብሎ የሰጠው ነው፤ ሰጪዎቹ ሞተዋል፣ ምንዳቸው ግን ዕቃው እስካገለገለ ድረስ እንዲቀጥል ተመኝተው ነበር። ስሙን በማልጠራው አንድ ቦታ አዲሱ መስጊድ ሲመረቅ የአሮጌው የጽድ ወራጅ ተፈልጦ የምርቃቱ ሥጋ ሲቀቀልበት አይቻለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ ኮንትራክተሩ «ፍርስራሹን ላንሣላችሁ» ብሎ በመኪና ጭኖ ሄደ፤ ኮሚቴው አመሰገነው።

ኮንትራክተር የወቅፍን እንጨት እንደ ቆሻሻ ሊወስደው፣ የኮሚቴ ሰውም እንደ ግል ዕቃው ሊያድለው አይገባም። ምን ቢደረግ እንደሚሻል በአካባቢው ያሉ ዑለማኦች ይጠየቁ፤ ዝርዝር ብይኑ የእነሱ ነው። እንዲያው ለመስጊዱ የሚጠቅም ሥራ ግን ሞልቷል። የጫማ መደርደሪያ በበራፍ የለም፤ ጫማው ተከምሮ ሰው ይደናቀፋል። ሙስሐፎቻችን መስኮት ላይ ተደራርበው አቧራ ይጠጣሉ። ቆመው መስገድ የማይችሉ አዛውንቶች የፕላስቲክ ወንበር ይሻማሉ። የመድረሳው ልጆች ጉልበታቸው ላይ ይጽፋሉ። ከአንድ አሮጌ መስጊድ የሚወጣ እንጨት ከዚህ ስንቱን እንደሚሸፍን አንድ አናጢ ጠርታችሁ አስገምቱት።

እስከዚያ ድረስ በግቢያችሁ ክምር ካለ ሦስት ነገር አድርጉ። ከመሬት አንሥታችሁ ድንጋይ ላይ ደርድሩት፤ መሬት የነካው ወገን ነው ቀድሞ ለምስጥ የሚሆነው። በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ አየር እንዲያልፍ አድርጉና ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ አልብሱት። ስንት ወራጅ፣ ስንት ሳንቃ፣ ስንት መቃን እንደሆነም ሁለት ሰው ቆጥሮ በመዝገብ ይፈርም፤ ቁልፉና መዝገቡ ግን በአንድ ሰው እጅ አይሁኑ።